የዩኬጂ ልጆችን ፎቶ ማንሳት፦ ከግንቦት እስከ ሰኔ የያዝኩት የሥራ ማስታወሻ

ግንቦት 11

ዛሬ ከአንድ መዋዕለ ሕፃናት ጋር ሥራ ተስማማሁ። ዘንድሮ ዩኬጂ ጨርሰው አንደኛ ክፍል የሚገቡትን ልጆች ጋዋንና ቆብ አልብሰን እናነሳቸዋለን። ለእያንዳንዳቸው አንድ የምረቃ ፎቶና ለማኅደር የሚሆን ጉርድ ፎቶ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የክፍል ፎቶ። እግረ መንገዴን ማስታወሻ እይዛለሁ። ልጆች ለሚያነሳ ሰውም፣ ልጁን ይዞ ፎቶ ቤት ለሚሄድ ወላጅም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ዳይሬክተሯ የአምናውን አልበም አሳዩኝ። "የኛ ልጆች ፎቶ ላይ ያስቸግራሉ" አሉ። ቀስ ብዬ አገላበጥኩት። ዓይናቸው ከለቅሶ ያበጠ አሉ። እጃቸውን ከጎናቸው አጣብቀው የቆሙ አሉ። ከሁሉ በላይ ግን የዓይናቸውን አቅጣጫ ነው ያየሁት። አንዱ ወደ ግራ፣ አንዷ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ በሩ ያያል። ካሜራውን ያዩት ጥቂት ናቸው። ይሄ ልጆቹ አመጡት የሚባል ችግር አይደለም። ካሜራው ዙሪያ ብዙ አዋቂ ቆሞ "እዚህ እይ! ኧረ እዚህ!" ይል እንደነበር ፎቶው ራሱ ይመሰክራል። ልጅ የጠራውን ሰው ያያል። የጠሩት አምስት ከሆኑ ካሜራው ስድስተኛ ነው።

ጥላውም የሚናገረው አለው። የቆቡ ጥላ ከግንባር ወርዶ ዓይናቸውን ሸፍኖታል። ፀሐይ አናት ላይ ሆና፣ ግቢ ውስጥ ነው የተነሱት። ምሳ ሰዓት ገደማ ማለት ነው። የአምስት ዓመት ልጅ ርቦት፣ ፀሐይ ዓይኑን እየወጋው፣ አንገቱ ላይ የሚቆረቁር ጨርቅ ለብሶ እንዴት ፈገግ ይበል?

ሦስት ነገር ጠየቅኩ። ፎቶው ጠዋት ብቻ እንዲሆን፣ ቦታውን እኔ እንድመርጥ፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ ያለ ካሜራ ልጆቹ ጋ እንድውል። የመጨረሻው ዳይሬክተሯን ትንሽ ገረማቸው። ግን ፈቀዱልኝ።

ግንቦት 13

ያለ ካሜራ ዋልኩ። በእረፍት ሰዓት ግቢው ጥግ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ማንንም አልጠራሁም፣ ለማንም ከረሜላ አልሰጠሁም። ልጅ እንግዳን የሚለምደው እንግዳው ሳይቸኩል ሲጠብቀው ነው። መጀመሪያ ከሩቅ አዩኝ። ከዚያ አንዷ ደፋር ጠጋ ብላ "የማን እናት ነሽ?" አለችኝ።

"የማንም። ፎቶ የማነሳችሁ እኔ ነኝ።"

"ካሜራሽስ?"

"ቤት ተኝቷል።"

ሮጣ ሄዳ ለሁሉም አወራች። ከዚያ በኋላ ያለፈ ያገደመው ሁሉ "ካሜራሽ ተነሳ?" እያለ ሲጠይቀኝ ዋለ። የምፈልገውም ይሄንኑ ነበር። ካሜራው ሲመጣ የሚጠብቁት እንግዳ እንጂ ድንገት የሚገጥማቸው ነገር አይሆንም።

ኩኩሉ ሲጫወቱም አየሁ። ዓይኑን የጨፈነው "ኩኩሉ!" ሲል የተደበቁት "አልነጋም!" ይላሉ። "ነጋ!" ሲባል ፍለጋው ይጀመራል። ልብ ያልኩት "ነጋ" ከመባሉ በፊት ያለችውን ቅጽበት ነው። ዓይናቸው ይበራል። ከንፈራቸው ሳቁን አፍኖ ይይዛል። ትከሻቸው ይለቃል። እኔ የምፈልገው ፊት ያ ነው፤ ማንም ደግሞ "ሳቁ" አላላቸውም። ጨዋታውን ለፎቶው ቀን ያዝኩት።

ያላስደሰተኝ ነገርም ነበር። አንዷ ሞግዚት የሚሯሯጥ ልጅ ለማስቆም "አርፈህ ካልተቀመጥክ ይቺ ሴትዮ መርፌ ትወጋሃለች" አለችው። ልጁ ቀጥ አለ። ከዚያ በኋላ ግን ቀኑን ሙሉ አልተጠጋኝም። ሞግዚቷን ለብቻ አነጋገርኳት። በክፋት አላደረገችውም፤ አብዛኞቻችን በአያ ጅቦ እየተስፈራራን ነው ያደግነው። ፎቶ ላይ ግን ዋጋው ወዲያው ይታያል። የፈራ ልጅ ይቆማል እንጂ አይተባበርም። የፍርሃቱ ፊት ደግሞ ታትሞ ሳሎን ይሰቀላል። እኔን ማስፈራሪያ እንዳያደርጉኝ እሷንም አስተማሪዎቹንም ለመንኩ። ሁሉም ቃል ገቡልኝ።

ግንቦት 15

ቦታ መረጣ። የፎቶግራፍ መማሪያዎች "ለስላሳ ብርሃን ከፈለግህ ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ፈልግ" ይላሉ። አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ላለ ሰው ልክ ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ብቻ ናት። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ የእኩለ ቀን ፀሐይ የምታልፈው ከአናታችን በስተሰሜን ነው። ስለዚህ በግንቦትና በሰኔ ሰሜን የሚያየው መስኮት ፀሐይ ያስገባል፤ ረጋ ያለው የደቡቡ ነው። በታኅሣሥ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እዚህ አገር የምንሠራ ሰዎች ይሄን ልብ ብንል ብዙ ድካም ይቀንስልናል።

መዋዕለ ሕፃናቱ ድሮ መኖሪያ ቤት የነበረ ቪላ ነው። ሳሎን የነበረው ክፍል በደቡብ በኩል ሰፊ መስኮት አለው። እሱን መረጥኩ። ከኋላ ግራጫ ጨርቅ ይሰቀላል። ፍላሽ አይኖርም። ለፍላሽ እንግዳ የሆነ ትንሽ ልጅ አንዴ ብልጭ ካለበት ሁለተኛውን ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚጠብቀው። በመስኮት ብርሃን ስንሠራ ደግሞ መብራት ቢሄድም ሥራው አይቆምም።

ክፍሉ አንድ በር ብቻ ስላለው ደስ አለኝ። ሰው የሚተላለፍበት ቦታ ለልጅ ፎቶ አይሆንም፤ በር በተከፈተ ቁጥር ዓይኑ እዚያ ነው። በሩ አጠገብ ምንጣፍ ይነጠፋል፣ ተረኛው ልጅ እዚያ ቁጭ ብሎ ከሱ በፊት ያለውን ያያል። ጓደኛው ሳይጎዳ ገብቶ ሳይጎዳ ሲወጣ ማየት ከማንኛውም ማባበያ ይበልጣል። ተረኛው አንድ ብቻ ይሁን ብያለሁ። ሦስት ከሆኑ ተመልካች ይሆኑና የቆመው ልጅ ለነሱ ትርኢት ማሳየት ይጀምራል።

ግንቦት 18

ሙከራ። እህቴ ልጆቿን ይዛ መጣች። ትልቁ አምስት ዓመቱ ነው፣ ትንሿ ሦስት ሊሞላት ነው።

"እዚህ ጋ ቁም" የሚለው ትእዛዝ ለትንሽ ልጅ ምኑም አይጨበጥም። የቱ ጋ? እስከ መቼ? ከቀይ ወረቀት ሁለት የእግር ቅርጽ ቆርጬ ወለሉ ላይ ለጠፍኩ። "ቀዩ ላይ ማን ይቆማል?" ስል ሁለቱም ተሽቀዳደሙ። እግር ቦታውን ከያዘ ሰውነት ይከተላል። ቅርጾቹን ከመስኮቱ አንጻር ትንሽ አጋድሜ ስለለጠፍኳቸው ልጁ ማንም ሳያዞረው ብርሃኑ ከጎን ያገኘዋል። "ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ አይ በዛ" የሚባል ነገር ቀረ። ያ ጭቅጭቅ ነው ልጅን የሚያሰለቸው።

ቆቡ ትልቅ ነው፣ አፍንጫ ድረስ ይወርዳል። መርፌ ቁልፍ ልጅ አጠገብ ማምጣት አልፈልግም። ከኋላ በልብስ መቆንጠጫ ያዝኩት፤ ከፊት አይታይም። የጋዋኑ አንገት ይቆረቁራል፣ ትልቁ ልጅ ሲያክ ነበር። ከውስጥ ኮሌታ ያለው ሸሚዝ ከለበሱ ጨርቁ ቆዳ አይነካም።

ከዚያ የቆቡ ጥላ። ነጭ ካርቶን ከልጁ ጉልበት ዝቅ አድርጌ፣ ወደ ፊቱ አጋድሜ ወለሉ ላይ አስቀመጥኩ። ካርቶኑ ከሌለ የዓይኑ ጉድጓድ ጥቁር ነው። ሲኖር ጥላው ይሳሳል፣ ዓይኑ ብሌን ላይ ከታች በኩል አንዲት ነጭ ነጥብ ትገባለች። ያቺ ነጥብ ካለች ፊቱ ንቁ ይመስላል። ካርቶን ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር ይገዛል፣ ውድ ዕቃ አያስፈልግም።

የካሜራው ነገር አጭር ነው። ብርሃኑን በራሱ እንዲለካ ከተተወ ያታልላል። ጥቁር ጋዋን ክፈፉን ሲሞላው ክፍሉ ጨለማ ይመስለውና ፊትን ያነጣዋል። ነጭ የሀበሻ ቀሚስ ሲሞላው ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል፣ ጠይም ፊት ይጠቁራል። ሁለቱንም ልብስ ስለምናነሳ የብርሃኑን ልክ ከፊታቸው ወስጄ በማንዋል፣ ማለትም ካሜራው ራሱ እንዳይቀይረው አድርጌ፣ ቆለፍኩት። ሹተሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ፣ ከ1/250 ሴኮንድ አይዘገይም፤ ልጅ አንገቱን የሚያዞረው ድንገት ነው። ሌንሱ 50 ሚሊ ሜትር፣ መክፈቻው (ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ) ኤፍ 4። እኔ በርጩማ ላይ፣ ሌንሱ ከልጁ ዓይን ጋር እኩል። ከላይ ወደ ታች የተነሳ ልጅ ያነሰ፣ የተቆጡት ይመስላል።

ግንቦት 20

ለወላጆች ወረቀት ተላከ። ጽሑፉን ከዳይሬክተሯ ጋር ነው ያዘጋጀነው። ቁርስ በልተው ይምጡ። ሹሩባ የሚሠሩ ልጆች ቢያንስ ከሁለት ቀን በፊት ይሠሩ። የዋዜማ ሹሩባ ጥብቅ ነው፤ ቆዳውን ይወጥረዋል፣ ቆብ ሲደረግበት ያማል፣ ልጅቷም የምታለቅሰው በፎቶው ሳይሆን በጭንቅላቷ ሕመም ነው። ቤት ውስጥ "እንዲህ ብለሽ ሳቂ" እያላችሁ አታለማምዷቸው። "ነገ ጋዋን ትለብሻለሽ፣ ቀይ ወረቀት ላይ ትቆሚያለሽ፣ ከዚያ ወደ ክፍል ትመለሻለሽ" ማለት ይበቃል። ከረሜላ ኪሳቸው አይግባ። ያመመው ልጅ ቤት ይዋል፣ ሌላ ቀን አለ።

ወረቀቱ ላይ አንድ ጥያቄ ጨመርኩ፦ የልጅዎ ፎቶ በማኅበራዊ ሚዲያ እንዲወጣ ይፈቅዳሉ ወይስ አይፈቅዱም? ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ አውጥታለች፤ ቁጥሩ 1321 ነው። አዋጁ ባይኖርም እጠይቅ ነበር። የልጅ ፊት የልጁ ነው።

ግንቦት 25

የመጀመሪያው ቀን። ከ2 ሰዓት ተኩል ጀምረን መክሰስ ሰዓት ላይ አቆምን።

መጀመሪያ ማን ይግባ የሚለው ከባድ ውሳኔ ነው። ብዙ ሰው ደፋሩን ያስቀድማል። ደፋሩ ይገባል፣ ያሽካካል፣ ይዘላል፣ ተረኛው ፎቶ ማለት መዝለል ይመስለዋል። እኔ ረጋ ያለች፣ የሚሏትን የምትሰማ ልጅ መረጥኩ። ያለ ካሜራ የዋልኩበት ቀን እዚህ ላይ ጠቀመኝ።

"ፎቶ እንነሳ?" ብዬ አልጠይቅም። ልጅ ሲጠየቅ "እምቢ" የማለት መብት አለው፣ ከተናገረው በኋላ ደግሞ መመለስ ያፍራል። በምትኩ "ቆመሽ ነው የምትጀምሪው ወይስ በርጩማው ላይ?" እላለሁ። ሁለቱም መልስ ለእኔ ይስማማኛል። ልጅቷ ግን የመረጠችው እሷ ናት። በራሷ ምርጫ የገባችበትን ነገር ለማበላሸት አትቸኩልም።

ቀጥሎ ሥራ እሰጣቸዋለሁ። ሥራ ያለው ልጅ ስለ ፊቱ አያስብም። "ዲፕሎማውን በሁለት እጅ ያዝልኝ፣ እንዳይወድቅ" ማለት ብቻ እጆቹ የት ይሂዱ የሚለውን ችግር ይፈታል። "ቆብሽ ላይ ያለው ክር ወዴት ነው የወደቀው? ሳትነኪው ንገሪኝ" ስል አገጭ ቀና ይላል።

ዛሬ ከሁሉ የሠራልኝ ሌንሱ ነው። አንዱ ልጅ ጠጋ ብሎ "ውስጡ ምን አለ?" አለኝ። "እስቲ እይና ንገረኝ" አልኩት። አፍንጫው መስተዋቱን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ቀረበ። ሌንሱ ውስጥ አንድ ትንሽ መስኮት አለ፣ መስኮቱ ፊት ደግሞ ቆብ ያደረገ ትንሽ ሰው ቆሟል። "ሰው አለ!" አለ። እጁን ሲያወዛውዝ ያም ያወዛውዛል። "እኔ ነኝ!" ብሎ ጮኸ። "ከቀዩ ላይ ሆነህም ይታይህ እንደሆን ሞክር" አልኩት። ሄዶ ቆመና ዓይኑን አጥብቦ ሌንሱ መሐል ላይ ተከለ። ያን ጊዜ አነሳሁት። ወሬው ክፍል ውስጥ ተዛምቶ ከዚያ በኋላ የገባው ሁሉ "ሰውዬው የታለ?" እያለ ነው የገባው።

ከዚያ ኩኩሉ። ፊቴን ካሜራው ጀርባ ደብቄ "ኩኩሉ!" እላለሁ። "አልነጋም!" ይላሉ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ እንደገና "ኩኩሉ..."። የምፈልጋት ቅጽበት "ነጋ" ከማለቴ በፊት ናት፣ ጣቴ ያኔ ነው የሚሠራው። "ነጋ!" ካልኩ በኋላ ያለው ሳቅ አፍ የሚያስከፍት ሳቅ ነው። እሱም ደስ ይላል፣ ለጉርድ ግን አይሆንም።

በክፍሉ ውስጥ የሚያወራው አዋቂ አንድ ብቻ እንዲሆን ተስማምተን ነበር፣ እሱም እኔ ነኝ። የመጡ እናቶች ከእኔ ጀርባ፣ ልክ ትከሻዬ ላይ እንዲቆሙ አደረግኩ። ልጁ እናቱን ቢያይም ዓይኑ ወደ ካሜራው ነው። አንዲት እናት ግን አልቻሉም፣ "አፍህን ግጠም! ቀና በል! እንደዛ አይደለም!" ይሉ ነበር። በአክብሮት አንድ ሥራ ሰጠኋቸው፦ "እማማ፣ ነጩን ካርቶን ይያዙልኝ፣ እንዳይንቀሳቀስ።" ዝቅ ብለው ያዙት። ሥራ ይዘው ዝም አሉ፣ ልጃቸውም ተነፈሰ።

ግንቦት 26

ሚስን አንድ ነገር ጠየቅኳት፦ ልጆቹን ስትልክልኝ "ጎበዝ ሁኚ እሺ?" እንዳትላቸው። ቃሉ መልካም ነው፣ ግን ፈተና የሚመጣ ያስመስላል።

ዛሬ አንዲት ልጅ በሩ ላይ ስትደርስ ማልቀስ ጀመረች። ሞግዚቷ ልትገፋት ስትል አስቆምኳት። በርጩማዬን ወደ ጎን አዞርኩና ሳላያት ሌንሴን መጥረግ ጀመርኩ። ዓይን ለዓይን መተያየት ለፈራ ልጅ ሸክም ነው። ለቅሶው እየቀነሰ መጣ። "ይሄን መጥረጊያ የሚይዝልኝ አጣሁ" አልኩ፣ ለማንም እንዳልሆነ። ትንሽ ቆይታ እጇን ዘረጋች። መጥረጊያውን ሰጠኋት። ከዚያ ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አድርጌ ቁልፉን አሳየኋት፣ ሞግዚቷን ቀዩ ላይ አቁማ ራሷ አነሳቻት። ቆቡን ሞግዚቷ ነበረች ያደረገችው። ልጅቷ ምስሉን ስታይ ሳቀች። "አሁን የኔ ተራ" ያለችው እሷ ናት።

ይሄ ጊዜ ይወስዳል። በአንድ ጠዋት ሁሉንም ለመጨረስ የተዋዋለ ሰው ይሄን ማድረግ አይችልም። ለዚህ ነው ከመጀመሪያው ቀኑን ያበዛሁት።

ያነሳሁትን ለልጆቹ የማሳየው ጥሩ ነገር ካገኘሁ በኋላ፣ አንዴ ነው። ከእያንዳንዱ ምስል በኋላ ካሳየሁ ከቀዩ ወረቀት እየሮጡ ይወርዳሉ፣ እንደገና ማቆም ሌላ ሥራ ነው።

ግንቦት 27

ዝናብ። ከጠዋቱ ጀምሮ ደመናው ከብዶ መስኮቱ ደበዘዘ። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ወደ 1600 ከፍ አድርጌ ቀጠልኩ። ቅዝቃዜው ግን ያሳስበኝ ነበር። "ልጅና ፊት አይበርደውም" ይባላል፣ ሲንቀጠቀጡ ግን ከንፈራቸው ላይ ይታያል። ጋዋኑን ከሹራባቸው በላይ አለበስናቸው። ቀድመን አቆምን።

ሰኔ 1

የአንዱ ተማሪ እናት ትንሹን ሕፃን ይዘው መጡ። አባትየው አሜሪካ ነው፣ ለቪዛ የሚሆን ፎቶ ያስፈልጋል። አራት ወሩ ነው። ሌላ ቦታ ተነስቶ "አይሆንም" ተብለው ተመልሰዋል። ፎቶውን አየሁት፤ አንገቱን የደገፈው የእናቱ እጅ ይታያል።

የአሜሪካው ልክ 5 ሴንቲ ሜትር በ5 ሴንቲ ሜትር ነው። ጀርባው ነጭ፣ ከአገጭ እስከ አናት ከ25 እስከ 35 ሚሊ ሜትር፣ ባለፉት ስድስት ወራት ውስጥ የተነሳ። ከሕፃኑ ሌላ ሰው፣ አሻንጉሊትም ሆነ ጡጦ አይታይም።

ይሄ ችግር ድሮም ነበረ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አንድ ፎቶ ብዙ ሴኮንድ ይፈጅ ስለነበር፣ አውሮፓና አሜሪካ የነበሩ ፎቶ አንሺዎች እናትየዋን በጨርቅ ሸፍነው ሕፃኑን ጭኗ ላይ ያስቀምጡ ነበር። እነዚያን ፎቶዎች ዛሬ ያየ ሰው ከጨርቁ ሥር ያለውን ቅርጽ ወዲያው ይለየዋል። ለኛ ከሱ የሚሻል መንገድ አለ፦ ሕፃኑን በጀርባው ማጋደም።

እናትየውን መጀመሪያ እንዲያጠቡትና እንዲያስገሱት ጠየቅኳቸው። ጠግቦ ገና ያልተኛበት ጊዜ አጭር ናት፣ እሷን ነው የምንጠብቀው። መስኮቱ ሥር ወለሉ ላይ ፍራሽ፣ ከላዩ የተተኮሰ ነጭ አንሶላ። መጨማደድ ካለ ይታያል። አናቱን ሳይሆን ጎኑን ወደ መስኮቱ አደረግኩ፣ በወዲያኛው ጎን ነጭ ካርቶን። የካሜራው ማሰሪያ አንገቴ ላይ ነው፤ ሕፃን ላይ ካሜራ ይዞ ሲታጠፍ ይሄ የማይታለፍ ነገር ነው።

እናትየው በእኔ ጎን ጎንበስ ብለው ፊታቸውን ከሌንሱ በላይ አደረጉ። ዝም እንዲሉ ለመንኳቸው። እናት ስታወራ ሕፃን አፉን ይከፍታል፣ ፎቶው ደግሞ የተዘጋ አፍ ነው የሚፈልገው። ዝም ብለው ሲያዩት እሱም ዝም ብሎ አያቸው። ሁለቱም ዓይኖቹ ክፍት፣ ፊቱ ቀጥ ያለ። ተገኘ።

ሰኔ 3

የክፍል ፎቶ። አዋቂ ሲሰለፍ አጭሩ ከፊት ነው። ልጆች ሲሰለፉ ግን ማን ከማን አጠገብ አይቆምም የሚለው ይበልጣል፤ እሱን የምታውቀው ሚስ ናት። ሰልፉን ለሷ ተውኩ። ወለሉ ላይ በቾክ ክብ ተሠራ፣ በየክቡ ውስጥ የልጁ ስም ተጻፈ። ስማቸውን አንብበው የራሳቸውን ፈልገው ቆሙ። ዓመቱን ሙሉ የተማሩትን ነው ያደረጉት፣ ኩራታቸው ፊታቸው ላይ ነበር።

ብዙ ልጅ ሲሆን አንዱ ሁልጊዜ ዓይኑን ይጨፍናል። "ሁላችሁም ጨፍኑ። ሦስት ስል ክፈቱ" አልኩ። "አንድ... ሁለት... ሦስት!" ሁሉም ዓይን ተከፈተ። ይሄን አንሺ ሁሉ ቢያውቀው።

ሰኔ 6

መረጣ። ዳይሬክተሯ አብረውኝ ተቀመጡ። አንዷ ልጅ በአንዱም ምስል አልሳቀችም። ቀጥ ብላ፣ አገጯን ትንሽ አንስታ ነው የምታየው። "ይቺስ? እንደገና ትነሳ?" አሉኝ።

እኔ አልተስማማሁም። ልጅቷ አላኮረፈችም፣ አልፈራችም። ክፍል ውስጥም ፊቷ እንዲሁ ነው። ሴት አያቶቻችን የተነሱትን ፎቶ አስቡ። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ቤተ መንግሥቱን ሲያነሱ የኖሩት አርመናውያኑ ቦያጂያኖች ባነሷቸው ምስሎች ላይ ማን ይስቃል? ኮስተር ያለ ፊት እኛ ዘንድ ክብር ነው። "ፈገግታ የሌለው ፎቶ አይሆንም" የሚለው ከየት እንደመጣብን አላውቅም፤ የማውቀው ልጅን በግድ ማሳቅ የሰጠን ነገር እንደሌለ ነው።

ሁለት ምስል ጎን ለጎን ከፈትኩላቸው። አንዱ ልጅ በአንደኛው እናቱ "ሳቅ በል" ብለውት የሳቀው ነው፣ በሌላው ኩኩሉ ስንጫወት። በመጀመሪያው ጥርሱ ይታያል፣ ዓይኑ ግን ባለበት አለ። በሁለተኛው አፉ ግጥም ያለ ነው፣ የታችኛው የዓይኑ ቆብ ከፍ ብሎ ዓይኑ ጠብቧል። ፈረንሳዊው ሐኪም ዱሼን በ1862 እ.ኤ.አ. ይሄን ጽፎታል፤ አፍን የሚጎትተው ጡንቻ ይታዘዛል፣ የዓይን ዙሪያው ግን በትእዛዝ አይመጣም። ዳይሬክተሯ ቆይተው ሁለተኛውን መረጡ። የኮስታራዋም ጸደቀ።

ሰኔ 10

ያልተነሳ አንድ ልጅ ቀርቶ ነበር፤ ያ በመርፌ የተስፈራራው። ሁለት ጊዜ በሩ ድረስ መጥቶ ተመልሷል። ማንም እንዲያስገድደው አልፈቀድኩም። ዛሬ ሞግዚቷ ራሷ ይዛው መጣች። በሩ ላይ ተንበርክካ "ያን ቀን መርፌ ይዛለች ያልኩህ እውነት አይደለም። ቦርሳዋን ራስህ እይ" አለችው። ቦርሳዬን ከፍቼ ወለሉ ላይ አስቀመጥኩ። አንድ በአንድ አወጣ፦ ባትሪ፣ ማሰሪያ፣ መጥረጊያ፣ መቆንጠጫ፣ የሌንስ ክዳን። ታችኛውን ኪስ ሳይቀር በረበረ። ክዳኑን ወደደው። "እሱን ይዘህ ቁምልኝ፣ ካልያዝክልኝ ይጠፋብኛል" አልኩት። ዲፕሎማውን ትቶ ክዳኑን በሁለት እጁ ይዞ ተነሳ። እናቱ ያንኑ ነው የመረጡት።

ፎቶዎቹ 15 በ20 ሴንቲ ሜትር ታትመው ነገ ይደርሳሉ። "አልፈቅድም" ያሉ ወላጆች ልጆች ያሉበትን የክፍል ፎቶ ማንም ገጽ ላይ እንዳንለጥፍ ከዳይሬክተሯ ጋር ተፈራረምን። ለመስከረም የነርሰሪ ገቢዎች ጉርድ ይጠብቀናል። እነሱ ገና ሦስት ዓመታቸው ነው፣ ትምህርት ቤቱም ለነሱ አዲስ ነው፣ ስለዚህ የመጀመሪያውን ሳምንት ማንም ካሜራ ይዞ እንዳይገባ፣ እኔም በርጩማዬን ብቻ ይዤ እንድመጣ ተስማምተናል። ነጩን ካርቶን የምትይዘው ያቺው ሞግዚት ናት፤ ራሷ ናት የጠየቀችው።